ምዕራፍ 6፦ ከመገልበጧ በፊት ያለችው እርምጃ

ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነው። ከአዳራሹ ጥግ ተነስታ ጥቂት እርምጃ ሮጠች፤ ራውንድ ኦፍ ሠራች፣ ፍሊክ ፍላክ፣ ማለትም ወደ ኋላ በእጅ መገልበጥን፣ አስከተለች፣ በመጨረሻም እጇ መሬት ሳይነካ ወደ ኋላ ሳልቶ ተገለበጠች። ልትገለበጥ ሞከረች ማለቱ ይሻላል። እግሯ ፍራሹን እንደነካ ወደ ፊት ተደፋችና በሁለት እጇ መሬት ያዘች፤ አገጯ ከጉልበቷ ሊጋጭ የአንድ ጣት ያህል ነበር የቀረው። ተነሳች፣ መዳፏን አራገፈች፣ ከዚያ ዞራ ፊታችንን ማንበብ ጀመረች።

ሦስት ሰዎች ቆመን እናይ ነበር፤ ሦስታችንም ምክር ወረወርን። አንዱ «ጉልበትሽን ቶሎ ሰብስቢ!» አለ። ሌላው «ከፍ በይ እንጂ!» አለ። እኔ ደግሞ «ምን ያስፈራሻል? አትፍሪ!» አልኳት። ሦስቱንም ተሸክማ ወደ ጥጉ ተመለሰችና ከፊተኛው የባሰ ሠራች።

የተናገርነው ውሸት አልነበረም። ጉልበቷን የሰበሰበችው ዘግይታ ነው፤ ከፍታዋም አንሷል፤ ፍርሃቱም ፊቷ ላይ ይነበባል። ችግሩ ሦስቱም የሌላ ነገር ውጤት መሆናቸው ነው። እንጀራ ዓይን አላወጣ ሲል ምጣዱን የምትወቅስ ጀማሪ ናት፤ የለመደችው ሴት የምትጠረጥረው ሊጡንና አብሲቱን ነው። መገለባበጥ ሲያስተምሩም እንዲሁ ነው፤ ጥፋቱ ዓይን ውስጥ የሚገባው መጨረሻው ላይ ቢሆንም የተሠራው ከዚያ ሁለትና ሦስት እንቅስቃሴ ቀደም ብሎ ነው። አሰልጣኝ ፊልሙን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማየት መልመድ አለበት። እኔ ይህን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ትንሽ ፊዚክስ ያስፈልጋል። የሰው እግር መሬት ከለቀቀ በኋላ ሁለት ነገሮች አብቅቶላቸዋል። አንደኛው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ የሰውነቱ ማዕከል እንደተወረወረ ድንጋይ አንድ ቅስት ሠርቶ ይወርዳል፣ በአየር ላይ እጅ ቢያወናጭፉ እግር ቢያራግቡ ያ ቅስት አይለወጥም። ሁለተኛው ከመሬት ይዞት የተነሳው የመሽከርከር ግፊት ነው። ይህም እስኪያርፍ ድረስ አይጨመርም፣ አይቀነስም። በአየር ላይ ያለ ልጅ የሚያደርገው ከቤት የያዘውን ስንቅ አብቃቅቶ መብላት ነው። ተጠቅልሎ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ቢያስጠጋ ሰውነቱ መዞርን የሚቃወምበት ኃይል ይቀንሳል፤ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋበት ጋር ሲነጻጸር በግምት ወደ ሲሶ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያው ግፊት ፈጥኖ ይዞራል። ሲዘረጋ ደግሞ ይዘገያል። ስንቁ ራሱ ካነሰ ግን ምንም ያህል ቢጠቀለል ዙሩ አይሞላም።

የጊዜው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የልጅቷ ሰውነት ማዕከል 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ወደ ተነሳበት ከፍታ እስኪመለስ በአየር ላይ የምትቆየው 0.64 ሰከንድ ገደማ ነው። ከፍታው ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ 0.49 ሰከንድ ብቻ ይቀራታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ጥቅሻ ያህል ቢሆን ነው። ግን በእግር ማረፍና በእጅ መደፋትም የሚለያዩት በዚያችው ጥቅሻ ነው። «ጉልበትሽን ሰብስቢ» የሚለው ምክራችን የደረሳት ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 በሽቱትጋርት በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ በወለል ላይ ሁለት ጊዜ እየተገለበጠች በዚያው ሦስት ጊዜ ተጠማዘዘች፤ እንቅስቃሴው በስሟ ተመዘገበላት። ቁመቷ 1.42 ሜትር ነው። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሁሉ የሚያወራው በአየር ላይ ስለሆነው ነው። እኔ የምለው ግን ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ከመነሳቷ በፊት ያለውን ብቻ አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ እዩት። እግሮቿ መሬቱን ለቅጽበት ነክተው ሲለቁ ሰውነቷ እንደ ተወጠረ ጅማት ነው፤ የሚታጠፍ ወገብ የለም፣ የሚላላ ትከሻ የለም። ያ ሁሉ መጠማዘዝ የተከፈለው እዚያ ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። በማግስቱ ሳልቶውን ተውነውና ራውንድ ኦፏን ብቻ አስደጋገምናት። ራውንድ ኦፍ ማለት ላላዩት፣ ወደ ፊት የሚሮጥ ሰው በእጁ ቆሞ በመዞር ጀርባውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ የሚሰጥበት እንቅስቃሴ ነው። ሩጫን ወደ ኋላ መገልበጥ የሚለውጠው ማርሽ እሱ ነው። ጀማሪዎች እንደ መግቢያ ስለሚያዩት ቶሎ ሊያልፉት ይቸኩላሉ። የኔ አስተያየት ተቃራኒ ነው፤ ለአንድ ዓመት ሌላ ምንም ሳታስተምሩ ራውንድ ኦፍን ብቻ በትክክል ብታስተምሩ ልጁ አልተበደለም።

ቾክ ይዤ ከፍራሹ አጠገብ ተንበረከክሁ። ስትሠራ የፊት እግሯ ያረፈበትን አንድ ጭረት፣ የመጀመሪያው መዳፏ ያረፈበትን ሌላ ጭረት አደረግሁበት። ከእግሯ ጣት እስከ መዳፏ ሁለት ስንዝር ነበር። እሷን በምታክል ልጅ ዘንድ ከዚህ እጥፍ የሚጠጋ እጠብቃለሁ። እጅ ከእግር አጠገብ ሲወድቅ ሩጫው ወደ ፊት መግፋቱ ይቀርና ወደ መሬት ይተከላል፤ ሰውነቷ እንደ ተገተረ መሰላል ነው የቆመው። እግሮቿ ከላይ ተገናኝተው በፍጥነት መውረድ ሲገባቸው ዘገዩ። ወርደው ሲያርፉ ወገቧ ታጥፏል፣ ደረቷ ወደ ጉልበቷ ተንጠልጥሏል። ከዚያ አቋም ፍሊክ ፍላክ ሲጀመር ጉልበት ከእግር ጣት አልፎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ኋላ መብረር ያለበት ዝላይ ወደ ላይ ይሄድና አጭር ይሆናል። አጭር ፍሊክ ፍላክ የደከመ መነሻ ያስረክባል። የደከመ መነሻ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። የቀረውን አይተናል፤ በእጇ ተደፋች።

በመዳፎቿም ላይ ሌላ ነገር ነበር። ሁለተኛው እጅ ሲያርፍ ጣቶቹ ወደ መጀመሪያው እጅ ዞር ማለት አለባቸው፤ ትከሻው መግፋት የሚችለው ያኔ ነው። የእሷ ጣቶች ወደ ውጭ ያያሉ። ስትገፋ ክርኗ ይላላል። ይህ ለአንጓዋም መጥፎ ነው። በልጅ ክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ገና ያልጠነከረ የእድገት ንብርብር አለ፤ በተደጋጋሚ ጫና ሲጎዳ ልጁ «እጄን ይቆጠቁጠኛል» ይላል። ያን የሚል ልጅ እንዲያርፍና ሐኪም እንዲያየው ይደረጋል እንጂ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሎ ወደ ፍራሹ አይመለስም።

እዚህ ላይ ብዙ አሰልጣኝ የሚቆም ይመስለኛል፤ «እርምጃሽ አጭር ነው፣ አርዝሚ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፣ ጠንካራ ናት። ለምን አሳጠረች? እናቷን ጠየቅሁ። ለካ ልጅቷ ከእኛ ጋር ከመምጣቷ በፊት የተማረችው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ፍራሽ ጫፍና ጫፍ ተገጣጥሞ ነው። ከፍራሹ መጨረሻ ወዲያ ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶው ወዲያ ግድግዳ። ረጅም ብትራመድ ሳልቶው ሲሚንቶ ላይ ያልቃል። ሁለት ስንዝሩ ያኔ ነፍሷን ያዳነላት ብልሃት ነበር። አሁን ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሆና ሰውነቷ ያንን ግድግዳ አልረሳውም።

ይህ ነገር በአገራችን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርከስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ ወዲህ በየከተማው ልጆች ሰርከስ ብለው ተሰባስበዋል፤ አብዛኞቹ የጀመሩት ሣር ላይ፣ አሸዋ ላይ፣ ያረጀ የአልጋ ፍራሽ ላይ ነው። የዓለም ውድድር የሚካሄድበት ወለል 12 ሜትር በ12 ሜትር ሲሆን ከሥሩ ሞላ (ስፕሪንግ) ተደርጎበታል፤ የገፋችሁትን መልሶ ይሰጣችኋል። ሣር ምንም አይመልስም። ሣር ላይ ያደገ ልጅ ጭኑ ይጠነክራል፣ ግን ቶሎ ጉልበቱን ማጠፍና ቁጭ ብሎ መነሳት ይለምዳል፤ ሞላ ያለው ወለል ላይ ሲወጣ ያ ልማድ ጠላቱ ይሆናል። ልጁን ከመውቀስ በፊት ወለሉን ማየት የሚባለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ው የሲድኒ ኦሎምፒክ የሴቶች ጥቅል ውድድር ላይ ብዙ ጂምናስቶች በመዝለያው ፈረስ ላይ ሲወድቁና ሲደናገሩ ሰዉ ሁሉ በልጆቹ ጭንቀት አሳበበ። አንዲት አውስትራሊያዊት ተወዳዳሪ ከፍታው ልክ አይደለም ብላ ጠቆመች፤ ቢለካ በእርግጥም 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። የዓለም ምርጦች ሰውነት 5 ሳንቲ ሜትር እንዲህ ካናጋው፣ አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ሰውነት የግድግዳ ትዝታ ቢይዝ አያስገርምም።

ስለ ጭንቅላትም ማንሳት አለብኝ፤ በሕፃናት ሳልቶ ላይ የማየው በጣም የተለመደ ጥፋት እሱ ነው። ወደ ኋላ የሚገለበጥ ልጅ መሬቱን ቶሎ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ገና እግሩ ሳይለቅ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይወረውራል። ጭንቅላት ሲሄድ ደረት ይከተላል፣ ትከሻ ይከፈታል፣ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት ጉልበት ወደ ኋላ ይፈስሳል። ሰውነቱ መዞር ጀምሯል፤ ከፍታው ግን ተሰርቋል። ልጁ ግን የሚሰማው መዞሩ ብቻ ስለሆነ «ኮች፣ ዞርኩ አይደል?» ይላል። አዎ ዞረሃል፤ ዝቅ ብለህ።

«ጭንቅላትህን አትጣል» ብዬ ስንት ዓመት ጮኼአለሁ። ይህ ዓረፍተ ነገር ልጁን ስለ ጭንቅላቱ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ ያሰበውን ነገር ደግሞ ያደርገዋል። አሁን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከልጁ ዓይን ከፍ ብሎ፣ ቀይ ወረቀት እለጥፋለሁ። «እግርህ እስኪነሳ ቀዩን እየው» ነው የምለው። ሌላ ምንም አልልም። ተመራማሪዋ ጋብሪኤሌ ቩልፍና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን በበረዶ መንሸራተት መለማመጃ መሣሪያ ላይ አቁመው፣ አንዱን ቡድን ስለ ገዛ እግሩ እንዲያስብ፣ ሌላውን እግሩ ሥር ስላሉት የመሣሪያው ጎማዎች እንዲያስብ አደረጉ። ከሰውነቱ ውጭ ያለውን ያሰበው ቡድን በተሻለ ተማረ። ከዚያ በኋላም በብዙ ስፖርቶች ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል። እናም ለልጅቷ «እጅሽን ዘርጊ» ማለቱን ትቼ «ጭረቱን ንኪ» አልኳት። በየሁለት ቀኑ ጭረቱን በአራት ጣት ወደ ፊት ገፋሁት። አንድ ቀን፣ አንድ ቃል። ሦስት ሰው ሦስት ምክር የወረወረባት ያ የመጀመሪያ ቀን አይረሳኝም።

ድጋፍ ስለመስጠት ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እጅ የት እንደሚያርፍ ግን በመጽሐፍ አይማሩትም። አንዱ እጅ ከወገቡ ጀርባ፣ አንዱ ከጭኑ ሥር ይላሉ፤ ልክ ነው፣ ቀሪውን ጡንቻ ያስተምራል። ልጽፈው የምፈልገው ያጠፋሁትን ነው። አንድ ወንድ ልጅ ነበር፤ ለወራት ሳልቶውን በእጄ ደገፍሁት። በየቀኑ ትንሽ የተሻለ ይመስለኝ ነበር። ቤተሰቦቹ ሊያዩት የመጡ ዕለት፣ ልታይ ባይነት ያዘኝና እጄን አነሳሁ። ልጁ ግማሽ ዞሮ በአራት እግሩ ወደቀ፤ ግንባሩ ፍራሹ ላይ አረፈ። ደግነቱ ፍራሹ ወፍራም ነበር። ያን ሁሉ ወራት ሲገለበጥ የነበረው የእኔ ክንድ ነበር እንጂ እሱ አልነበረም። ልጁ ይህን አያውቅም፣ እችላለሁ ብሎ ነው የተነሳው። አሁን ድጋፍ ስሰጥ መዳፌ ላይ ምን ያህል ክብደት እንደመጣ ለራሱ ለልጁ እነግረዋለሁ፦ «ዛሬ አንድ እንስራ ውሃ ነበርክ፣ ትናንት ሁለት።» ባዶ ጣሳ እስኪሆን ብቻውን አይሠራም።

ከዚያ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ይመጣል። ሴት ልጆች በአብዛኛው በዚህ ዕድሜ አካባቢ፣ ወንዶች ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይተው ይመዘዛሉ። ትናንት ሳልቶውን ስትጫወትበት የነበረች ልጅ ዛሬ ትወድቃለች፤ አሰልጣኙ ሰነፈች ይላል፣ እናቷ ዓይን ነው ትላለች። ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ልጅ ቅርጹ ሳይለወጥ ቁመቱ 10 በመቶ ቢጨምር ክብደቱ 33 በመቶ ይጨምራል፤ መዞርን የሚቃወምበት ኃይል ግን 61 በመቶ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ክብደቱ መጨመሩ ሳያንስ ከመዞሪያው መሃልም ራቅ ብሎ ይቀመጣል። የጡንቻው ጉልበት በአንጻሩ የሚያድገው 21 በመቶ ብቻ ነው። ሰፋ ያለ ጎማ፣ ደካማ ሞተር። ይህች ልጅ የረሳችው ነገር የለም፤ ሰውነቷ ተለውጦ ሳለ አእምሮዋ በድሮው ቁመቷ ነው የሚለካው። ለጥቂት ወራት ወደ ራውንድ ኦፍ መመለስ እንጂ መቆጣት አይረዳትም። እሷን በቁጣ ያባረረ አሰልጣኝ ለወደፊት ጥሩ ሊሆን የሚችለውን ሰው ነው ያባረረው።

ወደ ኋላ ማየትን እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከፍል ከየሌና ሙኺና በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ሙኺና እ.ኤ.አ. በ1978 ሽትራስቡርግ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች የሶቭየት ኅብረት ጂምናስት ናት። በቀጣዩ ዓመት እግሯ ተሰበረ። ሙሉ በሙሉ ሳያገግም ለሞስኮ ኦሎምፒክ ወደ ልምምድ ተመለሰች። የሚጠበቅባት በአሜሪካዊው ከርት ቶማስ የተሰየመው ሳልቶ ነበር፤ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ በመሃል ተጠማዝዞ፣ በመጨረሻ ወደ ፊት እየተንከባለሉ የሚያርፉበት ነው። እግር ሳይሆን ማጅራት አካባቢ ነው መሬቱን የሚነካው፤ ስለዚህ ትንሽ ከፍታ ሲጎድል የሚከፍለው አንገት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1980፣ ኦሎምፒኩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ሚንስክ ውስጥ ልምምድ ላይ ዙሩ አልሞላላትም። በአገጯ ወደቀች፤ አንገቷ ተሰበረ። ከ20 ዓመቷ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 እስክትሞት ድረስ እጅና እግሯ አልታዘዘላትም። የሴቶቹ ሕግ ይህን ዓይነት አስተራረፍ ከልክሏል፤ በወንዶቹ የተከለከለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የተሰበረው አንገት ነው፣ የታመመው ግን እግር ነበር። ያን ያወቁ ሰዎች አጠገቧ ነበሩ።

የኛ ልጅ ለሦስት ሳምንት ሳልቶ ተከለከለች። አኩርፋለች። «ኮች፣ ሳልቶ መቼ ነው?» ትለኛለች በየቀኑ፤ እኔ በቾኩ ወደ ጭረቱ አመለክታለሁ። ሁለት ስንዝር ከነበረው ተነስተን ሦስት ተኩል ደርሰናል። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራውንድ ኦፏ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ ተለየብኝ፤ «ዱብ… ዱብ» ማለቱ ቀርቶ አንድ አጭር «ጧ!» ሆነ። ሁለቱ እግሮች አብረው ወርደዋል፣ ደረቷ ቀና ብሏል፣ ሰውነቷ ወደ ኋላ ሊሄድ ይጎትታታል። ወፍራሙን ፍራሽ ጎትተን አመጣን።

ሮጠች። ጭረቱን አለፈችው። ፍሊክ ፍላኩ ረዘመ፤ ሳልቶው ከወትሮው ከፍ አለ። እሷ ግን እንደ ልማዷ፣ ዙር እንዳያንሳት ሰግታ፣ ጉልበቷን እቅፍ አድርጋ እስከ መጨረሻው ያዘችው። ዙሩ ሞልቶ ተረፈ፤ እግሯ ፍራሹን ነክቶ አለፈና በመቀመጫዋ ዘፍ አለች። ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች።

«ኮች፣ ደግሞ አሁን ምን አጠፋሁ?»

ሁለቱ ባልደረቦቼ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። ቾኩን ኪሴ ከትቼ ቀዩን ወረቀት ከግድግዳው አነሳሁ፤ ይዤውም ተሻገርሁና ከአናቷ በላይ፣ ሰውነቷን ዘርግታ ልትፈልገው የሚገባበት ቦታ ላይ ለጠፍሁት።